የበቀል ፊልም መነሻ ሐሳብን ማጥራት፦ ጥርጣሬው ታሪኩን እንዳያቀዘቅዘው

የበቀል ፊልም ለመጻፍ የተነሱ ጀማሪ ደራስያን ጽሑፋቸውን ሲያሳዩኝ የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «ዋናው ገጸ ባሕርይ መጠራጠር ሲጀምር ታሪኩ ይቀዘቅዛል፤ ካልተጠራጠረ ደግሞ ተራ የድብድብ ፊልም ይሆናል። ምን ላድርግ?» ብዙዎቹ መፍትሔውን በቃለ ተውኔት ውስጥ ይፈልጉታል፤ ችግሩ ግን ከዚያ በፊት የተፈጠረ ነው። ጥርጣሬው በመነሻ ሐሳቡ ውስጥ ቦታ ሳይሰጠው ቀርቶ በኋላ ሲለጠፍ ታሪኩን ያቆመዋል። ይህ መመሪያ ስክሪፕቱን ከመጀመራችሁ በፊት መነሻ ሐሳቡን፣ ማለትም ታሪኩን በሙሉ የሚሸከመውን አንድ ዐረፍተ ነገር፣ እንዴት እንደምታጠሩት ያሳያል።

ለዚሁ ብዬ የፈጠርኩትን አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው ይዘን እንሄዳለን። ሲጀመር እንዲህ ነው፦ «አንድ ወጣት እህቱን በመኪና ገጭቶ የገደለውን ሾፌር ለመበቀል ይነሳል።» ደካማ ነው። ሆን ብዬ ነው ደካማ ያደረግሁት፤ አብዛኛው ሰው ይዞ የሚመጣው ይህን የመሰለውን ነውና።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ደብተርና እርሳስ። ኮምፒውተር የለመዳችሁም ለዚህ ሥራ ደብተር ያዙ፤ የሰረዛችሁት ዐረፍተ ነገር ከአጠገባችሁ እንዲታይ ያስፈልጋል።
• ሃያ ያህል ቁራጭ ወረቀት።
• የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ቅጂ።
• ታሪኩ በሚካሄድበት አካባቢ እርቅ እንዴት እንደሚወርድ የሚያውቅ ሰው። ሥርዓቱ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ በግምት አይጻፍም።
• ታሪኩን ሰምቶ የማያውቅ አንድ አድማጭ። የፊልም ባለሙያ ባይሆን ይመረጣል፤ ባለሙያ አንዳንድ ጊዜ ያልተነገረውን ራሱ እየሞላ ይሰማል።

1. ዐረፍተ ነገሩን ያለ ስም ጻፉ

በስም ፈንታ ሥራና የኑሮ ሁኔታ አስገቡ። «አበበ» ብትሉ አድማጩ ምንም አላወቀም። «የጋራዥ መካኒክ» ብትሉ ግን ቦታው፣ መሣሪያው፣ በዙሪያው ያሉት ሰዎችና የገቢው መጠን ሳይቀር በአንድ ጊዜ ገቡ።

ዐረፍተ ነገሩ አራት ጥያቄዎችን መመለስ አለበት፦ ማን ነው? ምን ተደረገበት? ምን ሊያደርግ ይፈልጋል? ለምን ዛሬ? ብዙውን ጊዜ የሚጎድለው የመጨረሻው ነው። እህቱ ከሞተች ዓመታት ካለፉ ትናንት ያልተነሳው ዛሬ ለምን ተነሳ? ምሳሌያችንን እናስተካክል፦ «እህቱን በልጅነቱ በመኪና አደጋ ያጣ መካኒክ፣ ገጭቷት ጥሏት የሄደው ሾፌር የሚኒባሱን ፍሬን ሊያሠራ ወደ ጋራዡ ሲመጣ ሊበቀለው ይወስናል።» አሁን ቀኑ ታወቀ፤ መኪናው በተሠራ ዕለት ዕድሉ ያበቃል።

2. ሦስቱን በሮች በድርጊት ዝጉ

በእኛ አገር ተመልካች ፊት አንድ ሰው ለበቀል ሲነሳ ወዲያው ሦስት ጥያቄ ይነሳል። ለምን ሕግ ፊት አያቀርበውም? ሽማግሌ የለም ወይ? የነፍስ አባቱ ወይም የሃይማኖት መሪው ምን ይሉታል? እነዚህ ሳይመለሱ ከቀሩ ተመልካቹ ፊልሙን እያየ በልቡ ይከራከራችኋል እንጂ አይከተላችሁም።

በሮቹ የሚዘጉት በማብራሪያ አይደለም፤ በተፈጸመ ነገር ነው። «ሕግ የለም!» ብሎ የሚጮህ ገጸ ባሕርይ ምንም አልዘጋም። በምሳሌያችን የሕጉን በር የምንዘጋው ሾፌሩ ተከስሶ፣ ተፈርዶበት፣ ቅጣቱን ጨርሶ እንዲወጣ በማድረግ ነው። ሕጉ ሥራውን ጨርሷል፤ የወንድሙ ቁጣ ግን አልበረደም። ይህ ዳኛው ጉቦ በላ ከሚለው ይልቅ ይከብዳል፤ የሚወቀስ ሦስተኛ ወገን የለምና።

የወንጀል ሕጉን የያዛችሁት ለዚህ ነው። አንቀጽ 543 ሰውን በቸልተኝነት መግደልን ይመለከታል። አንቀጽ 540 ታስቦ የሚፈጸም ተራ የሰው ግድያን ከ5 እስከ 20 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። አንቀጽ 539 ደግሞ አስቀድሞ የታሰበበትና የአድራጊውን ልዩ ጨካኝነት ወይም አደገኛነት የሚያሳይ ግድያን በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ወይም በሞት ያስቀጣል። ከታሪካችሁ ጋር አስተያዩት፦ ሾፌሩ የገደለው ሳያስብ ነው፤ መካኒኩ የሚገድለው አቅዶ ነው። በሕጉ ሚዛን ተበቃዩ ከበዳዩ ይከብዳል። ይህን ማንም ገጸ ባሕርይ በአፉ ሳይናገረው ታሪኩ ውስጥ ማስገባት ይቻላል። በተጨማሪም በቤተሰብ መካከል የወረደ እርቅ ብቻውን የግድያ ክስን እንደማያስቀር አትርሱ፤ «ታረቁ፣ ተለቀቀ» የሚል የታሪክ መፍቻ አይሠራም።

የሃይማኖቱንም በር እንዲሁ በታሪካችሁ በሚፈጸም ነገር ዝጉት። የሽምግልናውን በር ግን ለጊዜው ክፍት ተዉት። በ4ኛው ደረጃ እንመለስበታለን።

3. የበቀሉን መሣሪያ ከሥራው ውስጥ አውጡ

ሽጉጥ ማንም ይተኩሳል። መካኒክ ግን የሌሎችን ሕይወት በአደራ ይቀበላል፤ የፍሬን ሸራ ቀይሮ መኪናውን ሲያስረክብ ሾፌሩም ተሳፋሪውም በእሱ ቃል ቁልቁለት ይወርዳሉ። በቀሉ በዚሁ እጅ ሲፈጸም አደራ ይፈርሳል። መሣሪያው ራሱ የሞራል ጥያቄ ስለሚያመጣ እናንተ በኋላ የምትለጥፉት ነገር ይቀንሳል። መቼቱንም ያግዛል፦ መለዋወጫ ፍለጋ ወደ ሶማሌ ተራ፣ ሙከራ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወርደው መንገድ።

ማስጠንቀቂያ፦ መኪናው እንዴት እንደሚበላሽ በዝርዝር አትጻፉ። ለታሪኩ የሚያስፈልገው ተመልካቹ አንድ ነገር ሆን ተብሎ እንደተበላሸ ማወቁ ብቻ ነው።

4. ጥርጣሬውን ከማስረጃ አፍልቁ እንጂ ከጸባይ አይሁን

የዚህ መመሪያ ከባዱ ክፍል ይህ ነው፤ ጊዜያችሁን እዚህ አጥፉ። «ሩኅሩኅ ስለሆነ ይጠራጠራል» የሚል ጥርጣሬ ፊልም አይሸከምም። ሰውየው አንድ የማያውቀውን ነገር ማወቅ አለበት። ያ ነገር ከአራት ምንጮች ይመጣል፤ እያንዳንዱን በቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፉና ለታሪካችሁ ቢያንስ ሁለት ሁለት ሐሳብ አምጡለት።

ሀ. ሰውየው እሱ ነው ወይ? ምናልባት የዚያን ዕለት የነዳው ረዳቱ ነበር።
ለ. በደሉ የተነገረውን ያህል ነው ወይ? ምናልባት ሾፌሩ ጥሏት አልሄደም፤ ሰው ሊጠራ ነው የሮጠው።
ሐ. ከበዳዩ ጋር ማን ይሞታል? ሚኒባሱ ተሳፋሪ ይጭናል።
መ. እኔስ ንጹሕ ነኝ ወይ? ተበቃዩ ራሱ በጉዳዩ ውስጥ እጁ አለበት።

ሀ እና ለ በእውነቱ የምርመራ ጥያቄዎች ናቸው። ማስረጃ ሲገኝ ያበቃሉ። ልብ ሰቀላ ይፈጥራሉ፤ ጥሩ ነው፤ ግን የሕሊና ጥርጣሬ አይደሉም። የምጠቀምበት መለያ ይህ ነው፦ ሁሉም ነገር ተጣርቶ፣ ሰውየው በእርግጥ በዳይ መሆኑ ቢረጋገጥም ጥርጣሬው ይቀጥላል ወይ? ከቀጠለ የሕሊና ነው። ካልቀጠለ የፖሊስ ፋይል ነው።

ሐ ይቀጥላል። ነገር ግን ብልህ ተበቃይ መንገዱን ቀይሮ ሊያመልጠው ይችላል፤ መኪናው ባዶ ሲሆን ጠብቆ ቢያጠቃስ? መ ብቻ ነው ማምለጫ የሌለው፤ በዳዩ ቢሞትም ከተበቃዩ ጋር ይኖራልና። ስለዚህ ዋናውን ጥርጣሬ ከመ ምረጡ፤ ከሌሎቹ አንዱን ደግሞ ለማጣደፊያ ያዙ።

አሁን ክፍት ወደተውነው በር እንመለስ። መካኒኩ ልጅ ሳለ ሽማግሌዎች ገብተው ነበር። አባቱ እርቁን ተቀብሏል፤ የደም ካሳ ወስዷል፤ ለልጁ ግን «ከገዳይዋ ወገን እርቅ አልተቀበልንም» ብሎ አሳድጎታል። በካሳውም ገንዘብ ጋራዡን ከፈተ። ልጁ የተማረበት፣ ያገባበት፣ የሚኮራበት ሙያ ሁሉ ከዚያ ገንዘብ የወጣ ነው። አሁን ጥያቄው ሾፌሩ መሞት ይገባዋል ወይ የሚለው ብቻ አይደለም። የእህቱን ዋጋ ሲበላ የኖረ ሰው ደሟን የመመለስ መብት አለው ወይ? ይህን የትኛውም ማስረጃ አይዘጋውም።

የራሳችሁን ታሪክ ስትሠሩ መ ላይ የምታስቀምጡት ነገር ሦስት ነገር ያሟላ፦ ካለፈው ጊዜ የመጣ ይሁን፤ ተበቃዩ ሳያውቅ የተጠቀመበት ይሁን፤ በዓይን የሚታይ ዕቃ ወይም ቦታ ይኑረው። እኛ ጋ ጋራዡ አለ፤ ሽማግሌዎች የፈረሙበትና አባት በጣት አሻራው ያጸደቀው የእርቅ ወረቀትም አለ። ካሜራ ሐሳብን አይቀርጽም፤ ወረቀት ይቀርጻል።

5. ጥርጣሬውን ድርጊቱ ተጀምሮ ሳያልቅ አስገቡት

ታሪኩን የሚያቀዘቅዘው የተሳሳተ ቦታ ነው። ተበቃዩ ገና ምንም ሳያደርግ ከተጠራጠረ ለመቅረት በቂ ምክንያት አለውና ታሪኩ አይነሳም። በቀሉን ፈጽሞ ካበቃ በኋላ ያወቀው ነገር ደግሞ ጸጸት ያመጣል፤ ጸጸት ለሌላ ፊልም ይሆናል፣ ምርጫ ግን የለውም። ትክክለኛው ቦታ በመካከል ነው፦ መመለስ የሚያስከፍል፣ መቀጠልም የሚያስከፍል።

በምሳሌያችን መካኒኩ የተበላሸውን ሚኒባስ ያስረክባል። ማታ ቤት ገብቶ ለአባቱ በኩራት «ደሟን መለስኩ» ይላል። አባት ደንግጦ ሳጥን ይከፍትና ወረቀቱን ያወጣል። ይህ የመቶ ደቂቃ ፊልም ቢሆን ከ50ኛው ደቂቃ አካባቢ ይውላል። መኪናው በነጋታው ማለዳ ሥራ ይጀምራል። ጥርጣሬው ታሪኩን አላቆመውም፤ እንዲያውም አስሮጠው።

ወረቀቱ ግን ከሰማይ እንዳይወርድ በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ንግር፣ ማለትም ኋላ የሚመጣውን በዘዴ የሚጠቁም ነገር፣ አስቀምጡለት። አባት ጋራዡ ውስጥ የማይገባ ሰው ይሁን፤ በር ላይ ይቆማል እንጂ አይገባም። ተመልካቹ ምክንያቱን አይጠይቅም፤ በኋላ ግን ራሱ ያስታውሳል።

6. አንድ ገጽ በበዳዩ አፍ ጻፉ

በአንደኛ መደብ፣ ሳታቋርጡ፣ «እኔ» እያላችሁ ጻፉ። ስክሪፕቱ ውስጥ አይገባም። ዓላማው በዳዩን ንጹሕ ማድረግ እንዳይመስላችሁ፤ ከጠራ ጥርጣሬው አብሮት ይሞታል። ሾፌሩ ልጅቷን መንገድ ላይ ጥሏት ሄዷል፤ ቢያነሳት ትተርፍ ነበር፤ ይህ እስከ መጨረሻ እንዳለ ይቆይ። የምትፈልጉት በደሉን ተሸክሞ እንዴት እንደኖረ ነው።

እኔ ለዚህ ምሳሌ ገጹን ስጽፍ ያልጠበቅሁት ነገር ወጣ፦ ሾፌሩ ጋራዡን ያውቀዋል። በማን ገንዘብ እንደተከፈተም ያውቃል። ለዓመታት ሌሎች ሾፌሮችን ወደዚያ ሲልክ ኖሯል፤ ራሱ ግን ፈርቶ አልሄደም፤ ዛሬ የመጣው የሟቿን ወንድም በዓይኑ ለማየት ነው። እንዲህ ያለ ግኝት በሰንጠረዥ አይመጣም፤ ለዚህ ነው አንድ ሙሉ ገጽ የምለምናችሁ።

እግረ መንገዳችሁን ገፊውንም ፍጠሩ። በእኛ ማኅበረሰብ ተበቃይን የሚያነሳሳው የራሱ ቁጣ ብቻ አይደለም፤ በለቅሶ ላይ የወጣ ሙሾ፣ የዘመድ ንግግር፣ የሰፈር ዓይን አለ። ይህን ሁሉ አንድ ሰው ላይ ሰብስቡት። አንዲት አክስት «እህትህ ደመ ከልብ ሆና ቀረች» ብትለው በቂ ነው፤ ከዚያ በኋላ መጠራጠር ራሱ ድፍረት ይጠይቀዋል። አክስቲቱንም አታክፏት። የምትናገረው ከፍቅር ይሁን።

7. ጥርጣሬውን በድርጊት ዘርዝሩ

አንድም ቃል ሳይነገር ጥርጣሬ የሚታይባቸውን አምስት ድርጊቶች ጻፉ። መስታወት ፊት ቆሞ ማሰብ፣ ዝናብ ውስጥ መሄድ፣ የሟችን ፎቶግራፍ ማየት አይቆጠሩም፤ ሁሉም ሰው ጽፏቸዋል፤ ደግሞም ምንም አይለውጡም። ድርጊት የምንለው ከተፈጸመ በኋላ ሁኔታው የተለየ ሲሆን ነው።

ከእኛ አምስቱ አንዱ ሌሎቹን ሁሉ አስረሳኝ፦ መካኒኩ ማለዳ ተነስቶ ራሱ ባበላሸው ሚኒባስ ውስጥ እንደ ተሳፋሪ ይገባና ከሾፌሩ ኋላ ይቀመጣል። መናገር ይችላል፤ አልተናገረም። መውረድ ይችላል፤ አልወረደም። የፊልሙ ጡዘት፣ ማለትም ውጥረቱ ጫፍ የሚደርስበት ቦታ፣ ከዚህ ይነሳል።

8. ሦስት መጨረሻ ጻፉና ዋጋቸውን መዝኑ

በአንድ በአንድ ዐረፍተ ነገር፦ ይፈጽመዋል፤ ይተወዋል፤ ሦስተኛ መንገድ። ከእያንዳንዱ ፊት ለፊት ተበቃዩ የሚያጣውን ጻፉ። ባዶ የቀረ ካለ ያ መጨረሻ አይሠራም። ይቅርታ ያለ ዋጋ ከመጣ ስብከት ይሆናል። በምሳሌያችን ለሾፌሩ «ፍሬኑ ተበላሽቷል፣ አቁም» ቢለው ሕይወት ያድናል፤ ነገር ግን ወንጀሉን በተሳፋሪ ፊት አመነ፤ ሙያውን፣ ጋራዡንና ነጻነቱን አጣ፤ አክስቱም ፊቷን አዞረችበት። ይህ ይከብዳል፤ ስለዚህ ይሠራል።

በዳዩን በአጋጣሚ የሚገድል መጨረሻ አትምረጡ። በልብ ድካም ወይም በሌላ አደጋ ከሞተ ምርጫውን ከገጸ ባሕርያችሁ እጅ ነጥቃችኋል።

9. ዐረፍተ ነገሩን እንደገና ጽፋችሁ ለአድማጩ በቃል ንገሩት

የእኛው እንዲህ ሆነ፦ «እህቱን ገጭቶ የጣላትን ሾፌር ሲጠላ ያደገ መካኒክ፣ ሾፌሩ ፍሬን ሊያሠራ እጁ ሲገባለት መኪናውን ለሞት አዘጋጅቶ ያስረክበዋል፤ ጋራዡ የተከፈተው በእህቱ የደም ካሳ መሆኑን ሲያውቅ ግን ሚኒባሱ ተሳፋሪ ሊጭን ጥቂት ሰዓት ብቻ ቀርቶታል።»

ሳታነብቡ ንገሩት፤ ከዚያ ዝም በሉ። «ታዲያ ምን አደረገ?» ካለ ዐረፍተ ነገሩ ሠርቷል። «ለምን ግን ፖሊስ...» ብሎ ከጀመረ 2ኛውን ደረጃ ድገሙ። «ሾፌሩ በእርግጥ ገጭቷታል?» ብቻ ካለ ዋናው ጥርጣሬ ገና ከሀ እና ከለ አልወጣም። «ደስ ይላል» ካለ ግን ሌላ አድማጭ ፈልጉ።

የተለመዱ ስሕተቶች

ከሁሉ በላይ የማየው በዳዩን ጭራቅ ማድረግ ነው። ሕፃናት የሚደበድብ፣ የሚሰክር፣ የሚሰርቅ ሰው ከሆነ ማንም በመሞቱ አይጠራጠርም። ክፋቱን ወደ አንድ ድርጊት ቀንሱ፤ ያንን አንዱን ደግሞ በደንብ አሳዩት።

ሁለተኛው በምልሰት፣ ማለትም ያለፈውን ጊዜ መልሶ በሚያሳይ ትዕይንት፣ ላይ መደገፍ ነው። የሟቿን ሳቅ አምስት ጊዜ ማሳየት ቁጣን አይጨምርም። አንድ ጊዜ፣ ያውም ዘግይቶ ይበቃል።

ሌላው ጥርጣሬውን አስታራቂ ሽማግሌ ወይም ቄስ መጥተው እንዲናገሩት ማድረግ ነው። ምክር የሰማ ገጸ ባሕርይ ታዘዘ ወይም እምቢ አለ እንጂ አልተጠራጠረም።

ጥንቃቄዎች

በእውነት ከደረሰ ደም የተነሳችሁ ከሆነ ቦታውን፣ ዘመኑን፣ ሥራውንና የቤተሰቡን አወቃቀር ለውጡ። እርቅ የወረደበት ጉዳይ በፊልም ሲቀሰቀስ የሚጎዱ ሰዎች በሕይወት አሉ። ሽማግሌዎችን ስትጠይቁም ስለ ሥርዓቱ ጠይቁ እንጂ ስለ እገሌና እገሌ ጉዳይ አትጠይቁ። በዳዩን በብሔሩ ወይም በሃይማኖቱ የሚለይ ምልክት አታድርጉበት፤ ተመልካቹ ጥርጣሬውን ትቶ ወገን ይለያል።

በመጨረሻም ስለ ሐሳብ መሰረቅ ለምትጠይቁኝ፦ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ጥበቃ የሚሰጠው ለሐሳቡ ሳይሆን ሐሳቡ ለተገለጸበት ሥራ ነው። ስለዚህ ዐረፍተ ነገሩን ለፕሮዲዩሰር ከመንገራችሁ በፊት ከአምስት እስከ አሥር ገጽ የሚሆን የታሪክ ማጠቃለያ ጽፋችሁ፣ ቀን አስፍራችሁ አስቀምጡ። ለአድማጫችሁ በቃል የምትነግሩት ግን ዐረፍተ ነገሩን ብቻ ይሁን፤ ወረቀቱን አትስጡት።